ያስቀመጥሁት እልልታ

ርግብ እንዲያባርር በረንዳው ላይ በክር የሰቀልነው አሮጌ ዲስክ፣ ነፋስ ባዞረው ቁጥር ዓይኔ ላይ ያበራል፤ እኔም አላስችል ይለኛል፣ እነሳለሁ፣ ደግሞ እቀመጣለሁ። የወንዱ ልጄ ልጅ ኦርሊ፣ እምዬ፣ አውርጄ ልጣለው? ስትለኝ፣ ተይው፣ ይልቅ ቁጭ በይና ጻፊልኝ አልኋት።

ያን ጊዜ አንቺ ገና ትድሂ ነበር። ስሟ አገሩን የሞላ ዘፋኝ የዚህን አገር መንግሥት መዝሙር ለታመሙ ልጆች መርጃ ልትቀዳ ነው፣ መጨረሻው ላይ የእናንተን እልልታ ትፈልጋለች ብለው እዚሁ አሽዶድ የሰፈራችንን የሮቫ ቫቭን ሴቶች ማትናስ በሚሉት የሰፈር አዳራሽ ሰበሰቡን። የመንገዱ ጩኸት እንዳይገባ መስኮቱን በፍራሽ ደፍነውት ላባችን ይንቆረቆራል። ዘፋኟ ገና አፏን ስትከፍት ሴቶቹ እልል አሉ፤ መቼስ እንዲያ ያለ ድምፅ ሰምቶ ዝም የሚል የለ። ድምፁን የሚቀዳው ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ነው፣ ኧረ መጨረሻ ላይ ነው እያለ ሦስት ጊዜ እንደገና አስጀመረ።

እኔ ሦስቱንም ጊዜ ከንፈሬን ገጥሜ ቆምሁ። በልጅነቴ እልል ስል ከወንዝ ማዶ የሚሄድ ሰርገኛ ቆሞ ያዳምጠኝ ነበር። ግን ልጄ ወርቄ የባሏ ወረቀት አልፈቀድ ብሎ ጎንደር ቀርታለች፤ እኔም ከአውሮፕላን ስወርድ፣ እሷ ሳትመጣ እልል አልልም ብዬ ተስያለሁ።

ጎረቤቴ ፋንታዬ በክርኗ ጎሸም አርጋኝ፣ «አፍሽን የአሽዶድ ጨው ዘጋው እንዴ?» አለች። ዘፋኟም አይታኝ ኖሮ መጥታ እጄን ያዘችና በአስተርጓሚ፣ አሟት ነው ወይ ብላ አስጠየቀች።

«እልልታዬን ለልጄ አስቀምጫለሁ፣ በላት» አልሁት አስተርጓሚውን። ሰማችና ግንባሬን ሳመችኝ።

ዲስኩ የወጣ ጊዜ በየቤቱ ይህቺ እኔ ነኝ፣ ያቺ አንቺ ነሽ ሲባባሉ፣ እኔ ስልክ በጮኸ ቁጥር ብድግ፣ ማታ ማታ ደግሞ ባሕሩ ዳር ወዲህ ወዲያ።

ወርቄ በስድስተኛው ዓመት መጣች፣ ጠጉሯ ሸብቶ። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ስትወጣ አየኋትና አፌን ከፈትሁ፤ ጥርሴ ረግፎ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ኖሮ ትንፋሽ ብቻ ወጣኝ። ደግሜ ብሞክርም ያው። ወርቄ ደንግጣ ሻንጣዋን ጣለችና፣

«እናቴን አፈናት፣ ውሃ አምጡላት» አለች።

እልል ልልሽ ነበር ሳልላት ውሃውን ጠጣሁ።

ፋንታዬ አምና ሞተች፤ ድምፅዋ ግን ይኸው በዚያ ዲስክ በረንዳችን ላይ ይዞራል። የኔው ነው እንጂ እኔም ዘንድ የለ፣ እዚያም የለ።