ጋሽ ጎበዜ ለአርባቸው ጠሩ

አብርሆት አዳማ ኮሌጅ ገብታ ማስታወቂያ ልትማር መሆኑ የተሰማ ጊዜ፣ ጭሮ ያለው ሰፈሯ የገመተው የሱቅ ሰሌዳ መጻፍ እንደምትማር ነበር። «ለቀለም ቅብ አራት ዓመት?» አላት አንድ ጎረቤቷ። እሷም ለጠየቃት ሁሉ ስታስረዳ ከረመች። መጀመሪያ ሰውን ማጥናት ነው፤ ማን ይገዛል፣ ለምን ይገዛል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ማንን ያምናል። ከዚያ ቃሉን መጻፍ አለ፤ ድምፅና ምስል ማቀናበር አለ፤ በየትኛው ሬዲዮ፣ በስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ ይነገር የሚለውን መወሰን አለ። እያንዳንዱ ራሱን የቻለ እንጀራ ነው። አብረዋት ከተመረቁት አንዷ አዲስ አበባ ለአንድ የማስታወቂያ ድርጅት ቃል ትጽፋለች፤ አንዱ ባንክ ተቀጥሮ የደንበኛ ጥናት ይሠራል፤ ሌላው ከጣቢያዎች የአየር ሰዓት እየገዛ ለነጋዴ ያከፋፍላል። አብርሆት ወደ ጭሮ ተመለሰች።

ጭሮ ላይ ማስታወቂያ ማለት በአብዛኛው ሞንታርቦ ነው። ባጃጅ ጣሪያ ላይ የሚታሰር ድምፅ ማጉያ፣ ከውስጡ አንድ ፍላሽ፣ አለቀ። የክትባት ቀን፣ አዲስ የተከፈተ ሱቅ፣ የጠፋች ጊደር፣ ቀብር፣ አርባ፣ ሁሉም በሱ ያልፋል። አብርሆት አልናቀችውም። በሬዲዮ የተነገረን ሰው ሊሰማም ላይሰማም ይችላል፤ በደጁ የሚያልፈውን ሞንታርቦ ግን ቢፈልግም ባይፈልግም ይሰማል። የሚቀረው «ማንን ያምናል?» የሚለው ጥያቄ ብቻ ነበር፤ መልሱ ደግሞ ሦስት ቤት አልፎ ይኖር ነበር።

ጋሽ ጎበዜ ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ነበሩ። ከአርባ ዓመት በፊት ከጎጃም ተመድበው መጥተው፣ ኦሮምኛውን ከተማሪዎቻቸው ተምረው፣ እዚያው አግብተው የቀሩ። ድምፃቸው ወፍራምና ዝግ ያለ ነበር። አብርሆት ግድግዳዋን በስፖንጅ ፍራሽ ሸፍና ባዘጋጀቻት ክፍል ተቀምጠው፣ ሁልጊዜ «እንደምን አላችሁ ወገኖቼ» ብለው ጀምረው፣ በሁለቱም ቋንቋ ያነቡላታል። «ትንሽ ፈጠን ይበሉ» ስትላቸው፣ «ከኋላ ወንበር ያለው ተማሪ ሳይሰማኝ ገጽ ገልጬ አላውቅም» ይሏታል። በአራት ዓመት ውስጥ ከመሰላ እስከ መቻራ ያንን ድምፅ የማያውቅ ሰው ጠፋ። መልካቸውን የሚያውቅ ግን ከጭሮ ውጪ ጥቂት ነው። ለገጠሩ ሰው «ሰውየው» ናቸው።

በጥቅምት መጀመሪያ አንድ ጠዋት ልባቸው ቀጥ አለ።

ከተቀበሩ በሁለተኛው ሳምንት ነጅዋ መጣች። ነጅዋ ሂርና ላይ በፀሐይ የሚሠራ መብራት የምትሸጥ ነጋዴ ናት፤ የአብርሆት ትልቋ ደንበኛ። አዲስ ዕቃ ገብቶላታል።

«ሰውየው እንዲያነቡልኝ ነው።»

«አርፈዋል እኮ፣ ነጅዋ።»

«ሰምቻለሁ፤ ነፍስ ይማር። ድምፃቸው ግን አለሽ አይደል?»

ነበራት። የአራት ዓመት ንባብ፣ ቃል በቃል። ቃል ቆርጦ መቀጠል ኮሌጅ ውስጥ ከሁሉ አብልጣ የወደደችው ትምህርት ነው። ሥራው መቀስ ብቻ አይደለም። በዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ የተነገረ ቃል ድምፁ ይወርዳል፤ መሐል ላይ የተነገረው ይነሣል። ስለዚህ ለመሐል የሚሆን ቃል ከመሐል፣ ለመጨረሻ የሚሆን ከመጨረሻ ይወሰዳል። ትንፋሹም አብሮ መቆረጥ አለበት፤ ትንፋሽ የሌለው ንግግር ጆሮን ያስደነግጣል። እንዲህ አድርጋ ጋሽ ጎበዜ በሕይወታቸው ያላሉትን የአርባ ሴኮንድ ንግግር ሠራች። «ቤታችሁ አይጨልም» ብሎ የሚያልቅ። ከፍታ ስትሰማው የተቀጠለበት ቦታ አይታወቅም። ድምፁ ሲያበቃ በእጇ የውሃ ብርጭቆ ይዛለች፤ አንብበው ሲጨርሱ ሁልጊዜ ታቀብላቸው ነበር። መቼ እንደቀዳችው አላወቀችም።

ባጃጁን የሚነዳው አክረም ነው። ቅዳሜ መሰላ ገበያ ውሎ ሲመለስ ግማሽ ጆንያ አቮካዶ አውርዶ ደጃፏ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ የማነው?»

«ለሰውየው የተላከ።»

«አልነገርካቸውም?»

«ነገርኳቸው። ‹እያወራ?› አሉኝ። ወላሂ ምን ልበላቸው? አንቺ ንገሪያቸው፤ የተማርሽው አንቺ ነሽ።»

ሳቀች። አቮካዶውን ግን ሳትበላው ተበላሸ።

በአምስተኛው ሳምንት እትዬ ባየች መጡ፤ የጋሽ ጎበዜ ባለቤት። ልጅ አልወለዱም፤ ቤቱ የሁለቱ ብቻ ነበር። ጥቁሩ ልብስ ሰፍቷቸዋል። ከበሩ ሳያልፉ ቆመው፣

«አርባውን አላወጣም» አሉ።

አብርሆት ይህ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለች። ጎረቤቱ፣ ዕድሩ፣ የነፍስ አባታቸው ቀኑን እየቆጠሩ ነው። ሟች በአርባው ካልተፈታለት፣ ሰው ካልበላለት፣ ቀሪውም ሟቹም እንደተንጠለጠሉ ይቀራሉ።

«ለምን፣ እትዬ?»

«ሐሙስ ሐሙስ በደጄ ያልፋል። ‹ወገኖቼ› እያለ። በደጄ እያለፈ ሞተ ብዬ ሰው ላብላበት?»

«እኔ ነኝ እኮ። ድሮ ያነበቡትን ቆራርጬ የቀጠልኩት...»

«አላበድኩም፣ ልጄ። ምን እንደምትሠሪ አክረም ነግሮኛል።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ግን ‹ቤታችሁ አይጨልም› ሲል እኔን ነው። ከነጅዋ መብራት ሦስት ገዝቻለሁ። ቀንም አላጠፋቸውም። ሐሙስ ምሳውን አቀርብለታለሁ፤ እሱ ሳይቆርስ ስለማልጀምር እኔም እንደዛው እውላለሁ።»

«ከነገ ጀምሮ አስቆመዋለሁ።»

እትዬ ባየች የእጇን አንጓ ያዟት። እጃቸው ይቀዘቅዛል። «ብታቆሚው ሁለተኛ መቅበርሽ ነው። እንዲያ አይደለም። ይህ ከተማ ለአርባ የሚጠራው በማን ነው? አራት ዓመት ሙሉ የሰውን ሁሉ አርባ የጠራው እሱ አይደለም? የራሱንም ይጥራ። አንደበቱ ሲጠራ ከሰማሁ አወጣለሁ። ካልሰማሁ ግን ምሳውን ማቅረቤን አልተውም።»

ፊታቸው ላይ የቀረው አጥንት ብቻ ነበር። አብርሆት እሺ አለች።

ሥራው ቀላል መሰላት። «አርባ» የሚለው ቃል በሃያ ዓይነት አነባበብ አለ። «ፍትሐት» አለ፤ «የፊታችን እሑድ» አለ፤ «መምህር» ለሌላ ሟች የተባለ አለ። አንድ ብቻ ጠፋ፤ ስማቸው። አራት ዓመት የሰው ስም ሲጠሩ የራሳቸውን አንድ ቀን አልጠሩም። የተጣሉ ቅጂዎችን፣ የሳሉባቸውን፣ የተሳሳቱባቸውን ሳይቀር አንድ በአንድ ሰማች። የለም። ከ«ጎበዝ» እና ከ«ጊዜ» ቆርጣ ልታጋጥም ሞከረች፤ የወጣው ድምፅ አፉ ውሃ የሞላ ሰው ይመስል ነበር። ወዲያው አጠፋችው። በመጨረሻ ከ«መምህር» በኋላ ልክ ሁለት ሴኮንድ ዝምታ አስገባች። የማን አርባ እንደሆነ የማያውቅ የለም አለች ለራሷ።

ሐሙስ ጠዋት አክረም ይዞት ወጣ። እሷ ከሱቋ አልወጣችም፤ ድምፁን በሩቁ ሰማችው፤ ወደ ሐረር የሚያልፉ የጭነት መኪኖች ግማሹን ዋጡት።

እሑድ ሰው ጎርፍ ሆነ። ከሂርና፣ ከመሰላ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ። እትዬ ባየች በእንግዶቹ መሐል እየተዘዋወሩ ያስተናግዳሉ፤ አብርሆትን ሲያዩ ጠሯትና አብረዋት ቁጭ ብለው በሉ፤ ቆርሰው ያጎረሷትም እሳቸው ናቸው። መብራቶቹ ጠፍተዋል።

«ስሙን ሲጠራ ሰማሁት» አሏት። «‹መምህር ጎበዜ› ሲል። ሠላሳ ስምንት ዓመት አብሬው ስኖር ስሙን ሲጠራ ሰምቼ አላውቅም፤ ‹እኔ ነኝ› ነበር የሚለው። አሁን በቃው። ይረፍ። እኔ ቃሌን ጠብቄአለሁ።»

አብርሆት ተነሣች። አክረምን ፈለገችው።

«ሐሙስ ስማቸው ተጠርቷል?»

«ምን ማለትሽ ነው? ጎበዜ አሉ እኮ። አንቺ አይደለሽ የሠራሽው?»

ከዚያ በተማረችው መንገድ ጠየቀች። መልሱን ሳትጠቁም፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ «ሐሙስ ምን አሉ?» ብቻ። ሰባት ሰው። ሰባቱም ስሙን አሉ። እስከ ስድስተኛው ድረስ ልቧ በደስታ ጭምር ይመታ ነበር፤ ምክንያቱን ታውቀዋለችና። ጆሮ ክፍተት አይወድም። የለመደው ድምፅ አንድ ቃል ሲዘል አእምሮ ራሱ ይሞላዋል፤ ከዚያም ሰማሁ ብሎ ይምላል። ኮሌጅ መምህራቸው ይህን ክፍል ውስጥ ሞክሮባቸው ሁሉም ተታለው ነበር። ሰባተኛው ግን የመቻራ ቡና ነጋዴ ነው፤ በክሪ ይባላል። ሐሙስ ለጉዳይ ጭሮ ውሎ ነበር።

«ከዚያ በፊት ‹ሰውየው› ነበር የምንላቸው» አላት። «ስማቸው ጎበዜ መሆኑን ያን ቀን ነው ያወቅሁት፤ ራሳቸው ሲሉ።»

ከሰው ሰምቶ ሊሆን ይችላል። ልትጠይቀው አፏን ከፈተች፤ ተወችው።

ሰኞ ማለዳ ነጅዋ ደወለች፤ የገና ማስታወቂያ ትፈልጋለች። አብርሆት ድምፁን እንደምታጠፋው ነገረቻት።

«አበድሽ? ታዲያ ማን ያንብብልኝ?»

«እኔ።»

«አንቺን ማን ያምናል?»

«ቀስ ብለው ይለምዱኛል።»

ነጅዋ ስልኩን ዘጋችው። አብርሆት ትልቋን ደንበኛዋን እንዳጣች አወቀች፤ ኮምፒውተሯን ከፍታ የአራት ዓመቱን ፋይል በዓመት በዓመት ማጥፋት ጀመረች። መጨረሻ ላይ የአርባው ጥሪ ብቻ ቀረ። ማንኛውንም ድምፅ ከማጥፋቷ በፊት አንድ ጊዜ መስማት ልማዷ ነው፤ ባዶው ሁለት ሴኮንድም ባዶ መሆኑን ማረጋገጥ ትችላለች። ከፈተችው። «እንደምን አላችሁ ወገኖቼ» አሉ ጋሽ ጎበዜ፣ በዝግታ፣ ከኋላ ወንበር ላለው። «የፊታችን እሑድ የመምህር...» ሊሉ ትንፋሽ ሲስቡ፣ አብርሆት አጠፋችው።