«ታዴ» እና ያላወረድኳት ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ፣ ጎንደር ከፒያሳ ቁልቁል በሚወርደው ሰፈራችን፣ መብራት የጠፋበት ምሽት ለእኔ በዓል ነበር። እናቴ ኩራዟን ትለኩሳለች፤ አያቴ ወደ ምድጃው ጠጋ ብለው ፍሙን በጭራሮ እየቆሰቆሱ «ተረት ተረት» ይላሉ፤ እኔም ጭሱ እያስለቀሰኝ «የላም በረት!» ብዬ እጮሃለሁ። ያኔ ከዚያ የሚበልጥ ደስታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

አንድ ምሽት ግን ቀድሜያቸው የራሴን ጀብዱ ማውራት ጀመርኩ። ትምህርት ቤት «ታዴ» የምንለው ጨዋታ ነበረን። አንድ ልጅ ጥያቄ ለመመለስ ሲነሳ አግዳሚውን ቀስ አድርገን ወደ ኋላ እንስባለን፤ ሊቀመጥ ሲል መሬት ላይ ዘጭ! ክፍሉ በሙሉ «ታዴ!» ይላል። ቃሉ ከየት እንደመጣ ጠይቆ የሚያውቅ አልነበረም። የዚያን ቀን ታዴ የሠራሁት ከዛሪማ መጥታ አክስቷ ዘንድ ሆና በምትማረው በአልጋነሽ ላይ ነበር። ስትወድቅ ያላት አንድ ቀሚስ ምስማር ይዞት ተተረተረ። አላለቀሰችም፤ ቀዳዳውን በእጇ ጨብጣ እስከ ደወል ድረስ ተቀመጠች።

አያቴ ይስቃሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሮውን ጣሉት።

«ዛሬም ታዴ ትላላችሁ?»

«አዎ አባባ። ምነው?»

ያን ምሽት «ተረት ተረት» ሳይሉ ጀመሩ። ታዴ ሰው ነበር። ታደሰ የሚባል፣ ከእንፍራንዝ የመጣ፣ እዚያው ትምህርት ቤት ከእሳቸው ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ፣ በሒሳብ የሚበልጣቸው ልጅ። መምህሩ ሲያመሰግኑት አያቴን ቅናት አንገበገባቸውና አግዳሚውን ሳቡት። ክፍሉ «ታዴ ወደቀ! ታዴ!» እያለ ሳምንት ሙሉ ዘፈነበት። ታዴም ደብተሩን ይዞ አገሩ ገባ፤ ስሙ ግን እዚያው ቀረ።

«ባገራችን የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ ይቆማል» አሉኝ። «የተበደለው ‹ይቅር ብያለሁ፣ አውርድ› እስኪለው። እኔ አፈርኩና እንፍራንዝ ሳልሄድ ቀረሁ። አንቺ ግን ዛሬ ነገ አትበይ፣ ልጄ።»

በማግስቱ ከደጃችን አንዲት ድንጋይ አንስቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከደብተሮቼ ጋር ከተትኩ። ተሸክሜያት አልጋነሽ ፊት ልቆም ነበር። ጓደኞቼ ግን ከጎኔ አልጠፋ አሉ፤ ሳቃቸውን ፈራሁና ነገ አልኩ። ሲነጋም ነገ አልኩ። አልጋነሽ ቀሚሷን በማይመሳሰል ክር ሰፍታ ትመጣለች፤ ዘወር ብላ ስታየኝ ቦርሳዬን እቅፍ አደርጋለሁ። እንዲህ ስል ሰኞ ቦታዋ ባዶ ሆነ።

ድንጋይዋን ትከሻዬ ላይ አድርጌ አክስቷ ቤት ሮጥኩ። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት አየችኝ።

«አልጋነሽማ ቅዳሜ ዛሪማ ገባች። ትምህርቱ አስጠላኝ አለች። ምነው ልጄ፣ ድንጋይ ተሸክመሽ? ጣይው እንጂ፣ ይከብድሻል» አለችኝ።

ጣይው አለችኝ እንጂ ይቅር አላለችኝም፤ ይቅርታውም የእሷ አልነበረም። እያለቀስኩ ተሸክሜያት ተመለስኩ።

አያቴ ካረፉ ቆይተዋል፤ ከተረቶቻቸው ብዙዎቹ ጠፍተውብኛል። ያቺ ተረት ያልሆነችው ግን አልጠፋችም። ባለፈው ሳምንት ልጄ ከዚያው ትምህርት ቤት ሲመለስ «እማ፣ ዛሬ ታዴ ሠራን» አለኝ እየሳቀ። አጠገቤ አስቀመጥኩትና እኔም «ተረት ተረት» ሳልል ጀመርኩ። የታደሰንም የአልጋነሽንም ነገርኩት፤ እስከ ዛሬ እንደሚጸጽተኝም አልደበቅኩትም።

«ታዲያ እስካሁን ዛሪማ ለምን አልሄድሽም?» አለኝ። «አውቶቡስ አለ እኮ።»