እናቴ ክሊኒክ ውስጥ የሾረች ቀን

ቬንትሌተር ሲከፈት ለምን ወንበርሽን ይዘሽ ትነሻለሽ ትለኝ የለ? እሺ፣ ዛሬ ልንገርህ። ያ ዥው ብሎ መሽከርከሩ ያንን ክሊኒክ ነው የሚያመጣብኝ፤ የዴቶል ሽታውን፣ በቆርቆሮው ቀዳዳ የሚገባውን ፀሐይ።

ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴን ራሷን ያዞራት ጀመር፤ አንድ ቀን ገበያ መሃል ወድቃ ሰው ደግፎ አመጣት። ከኖርዌይ የመጣች ነርስ አለች ተባለና ሄድን። የእናቴ የቤት ቋንቋ በርታ ነው፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር። "አይዞሽ፣ አስተርጓሚሽ እኔ ነኝ፤ እንግሊዝኛ ለኔ ውሃ ነው" ብያታለሁ። ወይ ጉራ! ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል።

ነርሷ ማዞሩ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ፈለገች፤ መድኃኒቱ በዚያ ይለያያል። "ስፒን? ዊርል? ስዊርል?" እኔ የማውቀው "ተርን" የምትለዋን ብቻ። ነርሷ ሲቸግራት የራሷን ቋንቋ ጨመረችበት። የጠርሙስ ክዳን ጠረጴዛው ላይ አሾረችና "ስፒን፣ ስኑሬ" አለች። ብርጭቆ ውስጥ ያለውን ውሃ በማንኪያ አማስላ ደግሞ "ስዊርል፣ ቪርቭለ"። እኔ ግን አሁንም "ተርን፣ ተርን" እላለሁ። በሩ ክፍት ነው፤ ወረፋ የያዘው ሁሉ ያየናል። "እንግሊዝኛ አዋቂዋ ይቺ ናት?" አለ አንዱ፤ ሳቁ። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። ከዚያ ብድግ አለች፣ የተጠቀለለችበትን ረጅም ቶቧን ሰበሰበች፣ ወለሉ መሃል እንደዚያ ክዳን ሾረች። እናቴ እኮ ናት! ወንድ ፊት ቀና ብላ የማትሄድ ሴት። ሳቁ ወደ እሷ ዞረ፤ እኔ፣ አፈር ልብላ፣ የማላውቃት መስዬ ግድግዳ ግድግዳውን አየሁ። አላህ ይማራት፣ ዛሬ የለችም። እናቴ ልትወድቅ ስትል ነርሷ ቀለብ አድርጋ ያዘቻት። "ስኑሬ!" አለች፤ ገባት። መድኃኒቱን ሰጠችን።

ስንወጣ እናቴ የሳቀው ሰውዬ ፊት ቆመች። "ልጄ ነው ነገረኝ፣ እኔ አሳየሁ። እንግሊዝኛ ያውቃል ልጄ!" አለችው።

ከሰው ዓይን ስንርቅ የማንጎ ዛፍ ተደግፋ አስመለሳት። መሽከርከሩ ነው። ጀርባዋን ያዝኩላት፤ ለማልቀስ እንኳ አፈርኩ። አፏን በቶቧ ጫፍ ጠረገችና በበርታ፣

"ለአባትሽ፣ ነርሷን አንቺ እንዳስረዳሻት ነው የምነግረው፤ እንዳታሳጪኝ" አለችኝ።