ያላልኩት አሜን

ካሊፎርኒያ፣ ኤመሪቪል የምሠራበት ሱቅ ውስጥ አዲስ ምንጣፍ ተነጥፎ ሽታው ወደ አሥራ አንድ ዓመቴ መለሰኝ።

አጎቴ ከሚሠራበት ካምፓኒ ባገኘው ስቶክ፣ ማለትም አክሲዮን፣ ሳን ሆዜ ቤት ገዝቶ ሊያስመርቅ ጠራን። እኛ ኦክላንድ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ አራት ነበርን። የአጎቴ ልጅ ሜሮን አዲስ ምንጣፍ የተነጠፈበትን የራሷን ክፍል ስታሳየኝ ቀናሁ። ጡረተኛው መምህር ጋሽ ተፈራ ቆመው ቤቱን ሲመርቁ ሁሉም አሜን አለ፤ እኔ ዝም አልኩ። አዩኝ።

«አንቺስ ልጄ?»

«የመረቁት እነሱን ነዋ።»

ጎንበስ ብለው በጆሮዬ፣ «እኔም እስከ ዛሬ ተከራይ ነኝ። እየቆጨኝ ነው የምመርቀው» አሉኝ።

ዛሬ ጓደኞቼ ቤት ሲያስመርቁ ከሁሉ ቀድሜ ጮክ ብዬ አሜን የምለው እኔ ነኝ። ቅናቱ ግን ንቅንቅ አላለም።