የሐጃ የመንጠቆ ክር

ይኸውልሽ፣ ከበሩ እስከ ኒሙ ዛፍ የተወጠረው ክር፣ ዛሬ ጠዋት ቀሚስሽን ያሰጣሽበት፣ እሱ የልብስ ክር አልነበረም። የቀይ ባሕር ዓሣ የሚያዝበት ክር ነው። ስልክሽን አውጪና እንደምነግርሽ ጻፊው። አማርኛው ቢጠፋብሽ በዐረብኛም ቢሆን ጻፊው፣ ብቻ እንዳትዘልዪ።

ነገሩ ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር፣ ሰው ቤት እሠራ በነበረበት ጊዜ ነው። እናትሽን ያሳደግኩት በዚያ ቤት እንጀራ ነው። የቤቱ እመቤት ሐጃ ነበሩ፤ ባላቸው ሞተው ከአንድ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። የተወለዱት ቀይ ባሕር ጠረፍ ነው፣ ከሱዋኪን ወደ ደቡብ ዝቅ ብሎ ባለች የዓሣ አጥማጆች መንደር። አባታቸው ወንድ ልጅ አልነበረውም፤ እሳቸውን ጀልባ ላይ ጭኖ ይወጣ ነበር። ኋላ ገና በልጅነታቸው ለካርቱም ሰው ተዳሩ፣ በዚያው ባሕሩ ቀረ።

በየዓመቱ፣ ሺታው፣ የብርዱ ወራት፣ ለቆ ሐሩሩ ሳይገባ፣ እኛ ሁዳዴ ስንጾም ማለት ነው፣ ሐጃ ይቁነጠነጣሉ። ናጅል የሚባል ቀይ ዓሣ አለ፣ በዚያ ሰሞን ከጥልቁ ወደ ውሃ ውስጡ ድንጋይ ይጠጋል ይላሉ። «ያ ቢቲ፣ ልጄ፣ ሳልሞት አንድ ናጅል በገዛ እጄ ባወጣ» ይሉኛል ሽንኩርት ስከትፍ። ሌላ ምንም አይመኙም ነበር።

ልጃቸው ግን ይፈራል። ሐጃ ሱከሪ፣ የስኳር በሽታ፣ አለባቸው፤ አንድ የእግር ጣታቸው በሱ ምክንያት ተቆርጧል። እሾህ ቢወጋቸው እንኳ እሱ እንቅልፍ አይወስደውም። ለምነው ለምነው አንድ ዓመት እሺ አለ። «ግን ዩማ» አለ እናቱን፣ «ቁጭ ብለሽ ታያለሽ፣ በስ፣ ሌላ የለም።»

«ታይብ፣ እሺ» አሉት። ወዲያው ወደኔ ዞረው ጠቀሱኝ።

ያን ሺታ ልጁ ሥራ ሲሄድ ምን እንደምንሠራ ልንገርሽ። ሐጃ በግቢው ሆሽ ውስጥ አንገረብ አልጋቸው ላይ ቁጭ ይላሉ፤ እንጨት ላይ የተጠመጠመ ክር ይዘዋል። ጫፉ የኔ ወገብ ላይ ታስሯል። ዓሣው እኔ ነኝ!

«ሐጃ፣ እኔ የደጋ ሰው፣ ዓሣ ምን እንደሚያደርግ በምን አውቄ?»

«ሩጪ። ከዚያ ቁሚና ልግም በይ። ሰኞ ሰኞ ልብስ እጠቢ ስልሽ እንደምታደርጊው።»

እሮጣለሁ። በውሃ ጋኑ ዞሬ፣ ከፍየሏ ኋላ ተደብቄ፣ ክሩን ከኒሙ ግንድ ጋር አጠላልፌ እጎትታለሁ። እሳቸው የለበሱትን ቶብ ጫፍ መዳፋቸው ላይ ጠምጥመው፣ ስሮጥ ይለቁልኛል፣ ስደክም ይሰበስቡኛል። «ሲሄድ አትከልክዪው፣ ሲቆም ውሰጂው» ይላሉ፣ አባታቸው ያስተማራቸው እንደዚያ ነው። እጃቸው ቀጭን ነው፤ አንድ ባልዲ ውሃ አያነሣም። ግን ምን ብፈራገጥ መጨረሻዬ አንገረቡ ሥር ነው። ጀርባዬን ቸብ ያደርጉና «ኸላስ፣ አለቀልሽ፣ ተጠበስሽ!» ይላሉ።

አንድ ቀን ልጁ ሳይታሰብ በጊዜ መጣ። በሩን ከፍቶ አየን፣ እሳቸው ክር ይዘው፣ እኔ ወገቤ ታስሮ ሳለከልክ። «ወላሂ! እናቴ ሐበሺያ አጠመደች!» ብሎ በሩን ተደግፎ ሳቀ። «ስንት ኪሎ ትወጣለች?»

«አትሸጥም» አሉት ሐጃ።

ጨዋታ መሰለው። ያን ጊዜ ቁጭ ብዬ «ልጄ፣ እናትህ ይህን ነገር ያውቁበታል፣ ጨዋታ አይደለም» ብዬው ቢሆን ኖሮ እላለሁ። እኔም ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ፣ ያስቅ ነበራ።

መጋቢት ላይ በሱ መኪና ሄድን። ቀኑን ሙሉ በረሃ ነው። ባሕሩን ያየሁት በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ፊቴን ልታጠብ በእፍኜ ብቀዳ ዓይኔን ለበለበኝ። ሐጃ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ይሄ ናይል አይደለም፣ ያ ቢቲ! ይሄ ለሰው አይራራም!»

አንድ ሽማግሌ ባለጀልባ ይዞን ወጣ፤ የሐጃን አባት በዝና ያውቃል። ሐጃ መካከል ተቀመጡ፣ ልጃቸው አጠገባቸው፣ እኔ ከፊት ጠርዙን በሁለት እጄ ጨምድጄ። ሆዴ ባዶ ነው፣ ጾም ነዋ፤ ዓለም ይዞርብኛል። ውሃው ከሥራችን ሰማያዊ ነበር፣ ኋላ አረንጓዴ ሆነ፤ ድንጋዩ ሲታይ ሽማግሌው ጀልባዋን አቆመ። ሐጃ ክራቸውን ከቶባቸው ሥር አወጡ። ልጃቸው «ዩማ፣ ምን ተባባልን?» አለ። «እያየሁ ነው እኮ፣ በእጄ ነው የማየው» አሉት። ሽማግሌው ሳቀ፣ ልጁም መሳቅ ግድ ሆነበት።

ብዙ ቆየን። ከዚያ ክሩ ሄደ። እንዲህ ዝም ብሎ፣ ሽው እያለ ሄደ። ሐጃ ለቀቁለት። ፊታቸውን ብታዪው! የኔ ታናሽ መሰሉኝ። ዓሣው ቆመ፣ ሰበሰቡ። እንደገና ሄደ፣ ለቀቁ። ሽማግሌው ወደ ውሃው ጎንበስ ብሎ «ናጅል ነው፣ ቀዩ ታየኝ፣ ሐጃ፣ ትልቅ ነው» አለ። በዚህ መሐል ጀልባዋ ዘንበል አለችና የቶባቸው ጫፍ ከመዳፋቸው ተፈታ። ክሩ ሥጋቸውን ያዘ። ነጭ ቶባቸው ላይ ደም ጠብ ጠብ አለ።

«ዩማ፣ ልቀቂው!»

«አለቅም።»

«እጅሽ! ልቀቂው እልሻለሁ!»

«ተዋት፣ ታውቅበታለች» አለ ሽማግሌው።

እኔም ተዋቸው ልል አፌን ስከፍት ትውከት አነቀኝ። ሐጃ ሰብስበውት ነበር እኮ፣ ልጄ። ደክሞ ነበር። እኔ የዚያን ድካም አውቀዋለሁ፣ አንገረቡ ሥር ልደርስ ስል እንዲሁ ነበር ጉልበቴ የሚከዳኝ። ቀና ስል ልጁ የሽማግሌውን ቢላ አንሥቷል። ክሩን ቆረጠው።

ሐጃ ወደ ኋላ ሸርተት አሉ። እጃቸውን አላዩትም፤ ውሃውን ነው ያዩት። «ኸላስ» አሉ። ልጃቸው እያለቀሰ ሸሚዙን ቀዶ እጃቸውን አሰረላቸው።

ሊያስደስታቸው ብሎ ከገበያ ትልቅ ናጅል ገዛ። ሐጃ አዩትና «ቆንጆ ነው፣ ግን የሌላ ሰው ነው» ብለው ለሽማግሌው ሰጡት። አልተጣሉትም። አልተቆጡትም። ቢቆጡት ይሻለው ነበር።

በሚቀጥለው ሺታ፣ ሆሹን ጠርጌ ስጨርስ፣ የተረፈውን ክር አወጣሁና ጫፉን ወገቤ ላይ አሰርኩ። እንጨቱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። «ሐጃ፣ ልሩጥ?» አልኳቸው። በጋኑ ዞርኩ፣ በፍየሏ ዞርኩ። ዞር ብዬ ባይ ክሩ መሬት ላይ ይጎተታል፤ እንጨቱ ከጭናቸው ወድቋል። «ማሌሽ፣ ይቅር፣ ያ ቢቲ፣ ነይ ተቀመጪ» አሉኝ። መጋቢት ሳይገባ ሞቱ።

ልጁ ዕቃቸውን ሲያወጣ ክሩን ለኔ ሰጠኝ። እኔም ወደዚህ ወደ ሐጅ ዩሱፍ ሰፈር ይዤው መጣሁ። ኋላ ጦርነቱ መጣ፤ እሱ ወደ ፖርት ሱዳን ሄደ፣ የካፉሪው ቤት ባዶ ቀረ።

ትናንት የደወለልኝ እሱ ነው፤ ማነው ብለሽ የጠየቅሽኝ። ሰላምታውን ጨረሰና «ኻልቲ፣ አክስቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትዋሺኝ» አለ።

«ጠይቀኝ፣ ልጄ።»

«ያን ቀን ክሩን ባልቆርጠው፣ ታወጣው ነበር?»

ስልኩ እንዲቋረጥ ተመኘሁ። ሌላ ጊዜ በየደቂቃው የሚቋረጠው፣ ያን ጊዜ አልቋረጥ አለ። አላህ ያውቃል ልለው እችል ነበር። «ያን ሺታ ሙሉ ዓሣው እኔ ነበርኩ፣ አንድም ቀን አምልጫቸው አላውቅም» አልኩት።

በስልኩ ነፋስ ይሰማኛል። «እጇ ግን...» አለ።

«እጃቸውማ ለፋሲካ ድኖ ነበር። ጨርቁን የፈታህላቸው አንተው አይደለህ?»

«አዎ» አለ። «እኔ ነኝ የፈታሁት።»

ባልነገርኩት ይሻል ነበር ይሆን? ሌሊቱን እሱን ሳስብ አደርኩ። ግን እሱም ያውቀው ነበር መሰለኝ፤ ሰው የማያውቀውን ነገር እንዲህ ፈርቶ አይጠይቅም። አሁን ጁምዓ ጁምዓ እሱም ጀልባ ይዞ ይወጣል አሉ። ናጅል አንድም ቀን አልተያዘለትም። «የሷ ክር የት ደረሰ?» ብሎ ጠየቀኝ። ልብስ እናሰጣበታለን ማለት አፈርኩ። አለ፣ ግን ግማሹ ነው አልኩት። ይበቃኛል አለ።

ጎረቤታችን ቅዳሜ በባስ ወደ ፖርት ሱዳን ይሄዳል፤ እልከዋለሁ ብዬዋለሁ። እኔማ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም እንጂ ይዤለት ብሄድ፣ የቶቡንም አጠማጠም ባሳየሁት።

በይ ተነሺ፣ ቀሚስሽን አንሺው፣ ደርቋል። ክሩንም ፍቺልኝ። ኒሙ ላይ ያለው ቋጠሮ ጠንካራ ነው፣ ቀስ ብለሽ በጥፍርሽ። ቢላ እንዳታስጠጊበት።