ለቁም ሰው የተቀቀለ ንፍሮ

ወንድሜ አዳነ ትናንትም ከሱዳን ደወለ። ገዳሪፍ ከገባ ዕድሜ ልኩን ነው፤ የልጅ ልጆቹ ከጀርባው በዓረብኛ ሲንጫጩ ይሰማኛል። ስለ ገብሱና ስለ ጉልበቴ ሕመም ከጠየቀኝ በኋላ እንደ ልማዱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እቴ፣ ለእማዬ ነግረሻት ነበር አይደል?» አለኝ። ስንት ጊዜ እንደጠየቀኝ እሱም አያስታውሰውም። ስልኩን እስክዘጋ ሽሮዬ አረረ።

የሄደው በደርግ ጊዜ፣ የብሔራዊ ውትድርና ምልመላ ላስታን ቤት ለቤት ሲያስስ ነው። ጥቅምት ነበር፤ ገብሱ ቢጫ ሆኗል። ቄሱ አባታችን በብልባላ በኩል ወደ ሰቆጣ ለሚመለሱ የጨው ነጋዴዎች አደራ ብለው ሰጡት፤ ከዚያ ወደ ሱዳን ሊሻገር። በሶውን ያዘጋጀሁለት እኔ ነኝ፤ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናታችን ግን ማር ሊሸጥ ሰቆጣ ወረደ ነው የተባለችው።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ብዙም ሳይቆይ መጣ። «አባ፣ ልጁን ያቅርቡ፤ አለዚያ የሚታሰሩት እርስዎ ነዎት» አላቸው። ከመዝገቡ የሚሰረዝ የሞተ ብቻ ነበር። ስለዚህ አባቴ ከአንዱ ነጋዴ ጋር ተማክረው፣ አዳነ በቆላ ንዳድ ሞተ የሚል መርዶ እንዲያመጣ አደረጉ። መርዶው ሊመጣ ሲል ጓሮ ወስደውኝ መስቀላቸውን ግንባሬ ላይ አኖሩ።

«ራሴ እስክፈታሽ ድረስ ለእናትሽም እንዳትተነፍሺ፤ ገዝቼሻለሁ። እናት ካላለቀሰች ማን ያምናል?»

እናቴም አለቀሰች። ፀጉሯን ተላጨች፤ ደረቷ እስኪያብጥ ደቃች። እኔ ለለቀስተኛው የባቄላና የስንዴ ንፍሮ ቀቀልሁ። አንዷ ጎረቤት «ጨው አነሰው» አለችኝ፤ ሄጄ ጨመርሁ፤ ሌላ ምን ላደርግ! አባቴ ፍትሐቱን ሲያደርሱ የክርስትና ስሙ ላይ ድምፃቸው ተቆረጠ። ሰው ሐዘን መሰለው። ፍርሃት ነበር፤ የቁም ልጃቸውን በታቦት ፊት ከሙታን ሲቆጥሩ። ሊቀ መንበሩም ንፍሮውን ዘግኖ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ ስሙን ሰረዘ።

ነገሩ ሲበርድ አባቴ ራሳቸው ሊነግሯት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሁዳዴ ግን በድንገት አንደበታቸው ተያዘ፤ በሦስተኛው ቀን አረፉ። ግዝቱ እኔው ላይ ቀረ። ሌላ ቄስ ዘንድ ሄጄ ይፍቱኝ እንዳልል ምሥጢሩን ማውጣት ሊሆንብኝ ነው። የዛሬ ልጆች ይስቁብኝ ይሆናል፤ እኔ ግን አፌን ብከፍት መሬት የምትውጠኝ ይመስለኝ ነበር። እናቴ በየወሩ ለነፍሱ እያለች ለድሃ ዳቦ ትጋግራለች፤ እኔ እሳቱን እማግዳለሁ።

አልጋ ስትይዝ ግን አልቻልሁም፤ ግዝቱን ጣስሁ።

«እማዬ፣ አዳነ አልሞተም። ሱዳን ነው ያለው።»

ፈገግ ብላ ጉንጬን ዳሰሰችኝ። «ልታጽናኚኝ ነው፣ ሆዴ? ፍትሐቱን ያደረሱ አባትሽ አይደሉ? ካህን በታቦት ፊት ይዋሻል?»

ማልሁላት። አለቀስሁ። በሶውን በእጄ እንዳዘጋጀሁለት ነገርኋት።

«እሺ፣ በቃ» አለችኝ፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው። «አሁን እሱው ዘንድ ልሄድ አይደል?»

በሳምንቱ አረፈች። የአዳነ የመጀመሪያ ደብዳቤ የደረሰኝ ከዚያ ወዲያ፣ ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

እና ሲጠይቀኝ፣ «ነግሬያታለሁ» እለዋለሁ። ውሸት አይደለም። «ተመስገን» ብሎ ይተነፍሳል፤ ትናንትም እንዲሁ። «አመነችሽ?» ብሎ ግን አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ስልኩ በጮኸ ቁጥር፣ ዛሬ ይጠይቀኝ ይሆን እያልሁ ነው የማነሳው።