ሰማንያ ሁለት ዲግሪ

ዶክተር ኢቶ ኡባሱ በተራራማዋ የቲንዋማን ከተማ ቄራ የእንስሳት ሐኪም ሆና በሠራችባቸው አሥራ ዘጠኝ ዓመታት ለበላይ መሥሪያ ቤቷ አሥራ አራት ደብዳቤ ጽፋለች። የሁሉም ጉዳይ አንድ ነው፤ ቄራው ትኩስ ውሃ የለውም፣ የውሃ ማሞቂያ ይገዛልን። መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ደብዳቤዎ ደርሶናል።»

ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። ኢቶ ግን መውቀጧን አልተወችም። ደንቡ ግልጽ ነው፤ አንድ ከብት የተበለተበት ቢላ ሰማንያ ሁለት ዲግሪ በሞቀ ውሃ ሳይነከር ሌላ ከብት ላይ አያርፍም። ስንቱን ደንብ በቸልታ የሚያልፍ ሰው ባለበት አገር እሷ በዚህኛው ላይ ለምን ሙጭጭ እንዳለች የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለች ታናሽ ወንድሟን ከቤታቸው ላም ወተት የቲቢ በሽታ ይዞት ጀርባው ጎበጠ። ላሚቱ ስትታረድ ከከተማ የመጣው ሐኪም ሳንባዋን ሰንጥቆ፣ አይብ የመሰለውን መግል አሳያትና «ወንድምሽን ያጎበጠው ይሄ ነው» አላት። ያ ነገር ከዓይኗ ሳይጠፋ አደገች፤ ዋና ከተማው ራባት ሄዳ ተማረች፤ ተመርቃም ወደ ተራራው ተመለሰች።

የመጀመሪያ ቀን ነጭ ቦቲ ጫማ አድርጋ ቄራው በር ላይ ስትቆም፣ የሥጋ ሻጮቹ አለቃ፣ «መዓልም» እየተባሉ የሚጠሩት ሐዱ፣ ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋትና ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ።

«ከራባት ጫማ ልከውልናል። ሰውየው የት ቀረ?»

ቄራው በሳቅ አውካካ። ኢቶ ገብታ ሥራዋን ጀመረች። ያን ቀን የታመሙ ሁለት ሳንባና አንድ ጉበት ቆርጣ ሰው እንዳይበላቸው ጋዝ አርከፈከፈችባቸው።

«ላላ፣ እመቤቴ!» ብሎ ጮኸ ሙሐ የሚባል ጎረምሳ ሥጋ ሻጭ። «ምነው፣ ይሄ እኮ እናንተ አገር በነጭ ሰሃን ነው የሚቀርበው!»

«እንግዲያው ውሰደው፤ እናትህ ትቀቅልልህ» አለችው። ሳቁ በዚህ ጊዜ ወደ ሙሐ ዞረ።

መዓልም ሐዱ ለመለዘብ አንድ ዓመት ፈጀባቸው። አንድ ሰኞ ጠዋት መግል የቋጠረ ሳንባ ከፍታ አሳየቻቸው፤ ስለ ወንድሟም ነገረቻቸው። በሚቀጥለው ሰኞ በጋሪ አንድ ግማሽ በርሜልና የባሉጥ ማገዶ ይዘው መጡ።

«ውሃ ነው አይደል የምትፈልጊው፣ ዶክተር ልጄ? ይኸው ውሃ!»

ከዚያ ወዲያ በየእርድ ቀኑ በርሜሉ ይጣዳል፤ ኢቶ ቴርሞሜትሯን ትነክራለች፤ ሰማንያ ሁለት ሲደርስ «በሉ!» ትላለች፤ ሥራ ይጀመራል። መንግሥት ያልሠራውን አንድ ሥጋ ሻጭ በእንጨትና በበርሜል ሠራው። እሷም ይህ ለዘለቄታው እንደማይሆን ታውቃለችና ደብዳቤዋን አላቋረጠችም።

ታዲያ በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ። ሃያ ሦስቱ የቲንዋማን ሥጋ ሻጮች ሁሉ ማዘጋጃ ቤት ተጠሩ። ከክፍለ ሀገር የመጣው ሹም፣ በአክብሮት «ሲ» የሚሉት ጃዋድ፣ የተተኮሰ ሸሚዙን እያስተካከለ ቆመና ወረቀት አነበበ። ትኩስ ውሃና ማቀዝቀዣ የሌለው ቄራ ይዘጋል። የቲንዋማን ሰው ከእንግዲህ ከብቱን የሚያሳርደው አርባ ኪሎ ሜትር ርቆ በተሠራው አዲስ የሥጋ ፋብሪካ ነው።

አዳራሹ ተተራመሰ። ሲ ጃዋድ እጁን ከፍ አደረገ።

«ይህን የምንለው እኛ አይደለንም። የገዛ ሐኪማችሁ ናት።» ከማህደሩ አንድ ደብዳቤ መዘዘ። «‹በዚህ ቄራ የሚታረደው ሥጋ ለሰው ጤና አስጊ ነው።› ቀኑ ይኸው። ፊርማው ይኸው።»

የሰው ዓይን ሁሉ ወደ ኢቶ ዞረ። እሷ ግን ተነሥታ ቆማ ነበር።

«ቀጥሎ ያለውን ያንብቡት!»

«ላላ ኢቶ፣ ጊዜ የለንም…»

«አንድ መስመር ነው! ‹ስለዚህ ማሞቂያ ይገዛልን› ይላል። ያንብቡላቸው!»

ሲ ጃዋድ ማህደሩን ጠቅ አድርጎ ዘጋው። ስብሰባውም አለቀ።

ደጅ ላይ ሥጋ ሻጮቹ ከበቧት። መዓልም ሐዱ አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻላት ነበር።

«ዶክተር ልጄ፣ እኔ እንጨት ተሸክሜ ሳፈላልሽ፣ አንቺ ከጀርባዬ እንዲህ ትጽፊ ነበር?»

«መዓልም፣ ለእናንተ ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት።»

«ለእኛ? በእኛ ላይ ነው እንጂ!»

«ሹመትሽ መቼ ነው?» አለ ሙሐ ከኋላ። አሁን ጎረምሳ አይደለም፤ የአራት ልጆች አባት ነው። «ስትሾሚ ጥሪን፤ ሥጋውን እንኳ ከፋብሪካው ገዝተን እንመጣለን!»

ኢቶ ቤቷ ገብታ የደብዳቤዎቹን ግልባጭ ጠረጴዛ ላይ ደረደረቻቸው። አሥራ አራት ጊዜ ስትለምን የሰማ አልነበረም፤ ልመናዋ ቢላ ሊሆን ሲችል ግን ፈልገው አገኙት። ሰው ውሃ ጠማኝ ሲል ጉድጓዱን የሚደፍን ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

ከሦስት ሳምንት በኋላ የሥጋ ነጋዴዎች መጽሔት ወጣ። የፋብሪካው ባለቤት ሲ ለምፈደል፣ ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ከሚያብለጨልጭ የቢላ ማጠቢያ ገንዳ አጠገብ ቆሟል። ከሥሩ በትልቁ «ከእንግዲህ ሕዝባችን ንጹሕ ሥጋ ይበላል» ይላል። ኢቶ መድኃኒት ቤት ተራ ስትጠብቅ አነበበችው። «እስከ ዛሬስ ምን ሲበላ ኖሮ ነው?» አለች ጮክ ብላ። መድኃኒት ሻጩ ደንግጦ ቀና አለ።

ፋብሪካው ማህተም መቺ ሐኪም ያስፈልገዋልና እሷኑ እዚያ መደቧት።

ሥራ የሚጀመረው ሰኞ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ነው ብለዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ደረሰች። የፋብሪካው ሰዎች ግን አንድ ሰዓት ያህል ቀድመው ጀምረው ነበር። ሁለት በሬዎች መንጠቆ ላይ ተሰቅለዋል። የመጀመሪያው የአንድ ነጋዴ ነው፤ ሁለተኛው የመዓልም ሐዱ። ኢቶ የመጀመሪያውን ሳንባ በጣቶቿ ዳበሰችና ሰነጠቀችው። አይብ የመሰለው መግል ወጣ።

«ይህን በሬ የበለትክበት ቢላ የትኛው ነው?» አለችው አራጁን።

«ይሄው ነው፣ ዶክተር።»

«ሁለተኛውንስ?»

«በዚሁ ነው። ግን ነክሬዋለሁ።»

«የት?»

አራጁ በአገጩ የሚያብለጨልጨውን ገንዳ አመለከታት። ኢቶ ገንዳውን አየችው፤ እንፋሎት የሚባል የለም። እጇን ሰደደችበት። ሰማንያ ሁለት ዲግሪ የሞቀ ውሃ ቆዳ ይገፋል፤ ይሄኛው እንደ ተራራ ምንጭ አጥንት ያቀዘቅዛል። ቴርሞሜትሯን ነከረች፤ አሥራ አንድ ዲግሪ።

ቧንቧውን በዓይኗ ተከትላ ከግድግዳው ጀርባ ዞረች። ቧንቧው ግድግዳውን አልፎ አንድ ክንድ ያህል ይወጣና እዚያው ላይ ያከትማል። አፉ ውስጥ ፌስታል ተወትፎበታል። ማሞቂያ የለም። የማሞቂያ ቦታ እንኳ የለም፤ የሲሚንቶ ከረጢት ተከምሮበታል።

እርዱን አስቆመች። ሲ ለምፈደል በጥድፊያ መጣ።

«ዶክተር፣ ማሞቂያው ወደብ ላይ ተይዞብን ነው። ሦስት ሳምንት ብቻ። እስከዚያ ማን ያውቃል?»

«እኔ አውቃለሁ።»

ሲ ለምፈደል ዘወር ብሎ ደወለ፤ ብዙም ሳይቆይ የእሷ ስልክ ጮኸ፤ ሲ ጃዋድ ነው።

«ላላ ኢቶ፣ እባክዎን አያካርሩት። ፋብሪካው እኮ በመጽሔት ወጥቷል!»

«መጽሔት ውሃ አያፈላም።»

«የጊዜ ጉዳይ ነው፤ ትንሽ ይታገሱ።»

«ልታገስ?» አለች፤ ድምጿ አዳራሹን ሞላው። «ቲንዋማንን ማን ታገሳት? ውሃ የሚያፈላውን ዘግታችሁ ጨርሶ የማያፈላውን ከፈታችሁ! ያኔ ‹ለሰው ጤና አስጊ› የሚለውን ጣትዎን ቀስረው ያነበቡት ለዚህ ነው? እኔ እዚህ ማህተም አልመታም።» ስልኩን ዘጋችው።

ዞር ስትል መዓልም ሐዱ ከፊቷ ቆመዋል። ፊታቸው ደም መስሏል።

«የእኔን በሬ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ይያዛል፣ መዓልም።»

«ጤነኛ ነው! ትናንት ከቲንዋማን ሳይነሳ ከነነፍሱ ያየሽው አንቺ ነሽ! ወላሂ እንደዚህ ያለ በሬ ዘንድሮ አላረድኩም!»

«ጤነኛ ነበር። ቢላው ግን ከታመመው ላይ ነው የመጣው። ያ ቢላ የነካው ሁሉ ይቆረጣል።»

«ነገ የገበያ ቀን ነው! አርባ ኪሎ ሜትር አስነድታችሁን፣ ኪራይ አስከፍላችሁን፣ ደግሞ…»

«ይምጡ» አለችና ክንዳቸውን ያዘች። አባቷን እንኳ እንደዚያ ይዛ አታውቅም። ከግድግዳው ጀርባ ወሰደቻቸው።

መዓልም ሐዱ ቧንቧውን አዩት። ጎንበስ ብለው ፌስታሉን በሁለት ጣታቸው ጎትተው አወጡት። ለጥቂት ጊዜ እያገላበጡ ተመለከቱት። ከዚያ እንዳንጠለጠሉት ሌሎቹ ሥጋ ሻጮች ከብት ይዘው ወደሚጠብቁበት በረት ወጡ።

«ኑ! ኑና ዘመናዊውን ማሞቂያ እዩ!» ፌስታሉን ከፍ አደረጉት። «ቄራችንን የዘጉብን ለዚህ ፌስታል ነው! ቆሻሾች ናችሁ የተባልነው ለዚህ ነው!»

ሥጋ ሻጮቹ ተራ በተራ ገብተው አዩ። አንዳንዱ ተሳደበ፤ አንዳንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከእንባ የባሰ ነበር። ሃያ ሦስቱም ከብቶቻቸውን ከበረቱ አውጥተው የፋብሪካው በር ላይ አሰሩ። ሥጋ ሊጭኑ የመጡት መኪናዎች መግቢያ አጥተው ቆሙ። ሙሐ ወደ ኢቶ ቀረበ፤ አንገቱን ደፍቷል።

«ዶክተር፣ ያን ቀን የተናገርኩት…»

«አሁን በሬህን አጥብቀህ እሰር፤ ሰው ይወጋል» አለችው። ገና አልበረደላትም ነበር።

ወደብ ላይ ለሦስት ሳምንት ተይዟል የተባለው ማሞቂያ በሁለተኛው ቀን መጣ። ከወደብ አልመጣም። ሲ ለምፈደል ከተማ ውስጥ ካለው የገዛ መታጠቢያ ቤቱ፣ ከሐማሙ፣ አስነቅሎ ያስመጣው ነው፤ ሠራተኞቹ ሲያወርዱት ሳሙና ሳሙና ይሸት ነበር። ኢቶ እስኪገጠም ቆማ ጠበቀች፤ ውሃው ሰማንያ ሁለት ሲደርስ ማህተሟን አወጣች። የመዓልም ሐዱ በሬ ግን አልተረፈም ማለት ይቻላል፤ ቢላ የነካው ሁሉ ተቆርጦ ሲወጣ ከኋላ እግሩ ጥቂት ሥጋ ብቻ ቀረ። የበሬውን ዋጋ የሚተካላቸው አላገኙም። እሳቸውም ከዚያ ቀን በኋላ ስለ በሬው አንስተውባት አያውቁም።

በሚቀጥለው ወር መጽሔቱ እንደገና ጻፈ። ሲ ለምፈደል «ለሸማቹ ጤና ካለው ተቆርቋሪነት በራሱ ተነሳሽነት» የፋብሪካውን የውሃ ማሞቂያ እንዳሻሻለ ይገልጻል። ስለ ፌስታሉ አንድ ቃል የለም። ስለ ሃያ ሦስቱ ሥጋ ሻጮችም የለም። እነሱ የቲንዋማን ቄራ ተጠግኖ ይከፈትልን ብለው ፈርመው ያስገቡትን አቤቱታ ማን ወስዶ የት እንዳኖረው እስከ ዛሬ አልታወቀም። ከሃያ ሦስቱ ዘጠኙ መንገዱን አልቻሉትምና ሱቃቸውን ዘጉ።

ኢቶም የዝውውር ደብዳቤ ደረሳት፤ «ለሥራው ቅልጥፍና ሲባል» ይላል። ወደ ምሥራቁ ደረቅ አገር ሄዳ በግ እንድትከትብ ነው። ቢሮው የስንብት ግብዣ አዘጋጀላት። የናና ሻይ ተቀዳ፤ በማር የተነከረ ብስኩት ቀረበ። ሲ ጃዋድ ስለ ታታሪነቷ፣ ለሕዝብ ጤና ስላላት ፍቅር ብዙ ተናገረና በመስተዋት የተለበጠ የምስጋና ወረቀት ሰጣት። ሰው አጨበጨበ። ኢቶ ወረቀቱን ተቀበለች፤ ከላይ እስከ ታች ሳትቸኩል አነበበችው፤ ከብስኩቱ ሰሃን አጠገብ አስቀመጠችውና ቦርሳዋን አነሳች።

«ላላ ኢቶ፣ ወረቀትዎን ረሱት» አላት ሲ ጃዋድ በሩ ላይ ደርሶባት።

«አልረሳሁትም» አለች።

በማግስቱ በመጀመሪያው አውቶቡስ ሄደች። አዲሱ ቦታ ስትደርስ አራት ሺህ በጎች ክትባት እየጠበቁ ነበርና ዕቃዋን እንኳ ሳትፈታ እጅጌዋን ሰበሰበች።